ፀረ እንግዳ

ሉቤክ፣ ማክሰኞ ቀን፤ የኅዳር ዝናብ ነው፣
ቀዩን የጡብ ግንብ እያራሰ የሚያጠቁረው።
ክፍል አሥራ አራት፤ ሦስት ወንበር አለ፤
ለሐኪሟ አንዱ፣ ለታማሚው አንዱ፣
ሦስተኛው የእኔ ነው፣ በሰዓት ተከፍሎኝ
ከጀርመን ወዳማርኛ ቃል የማሻግረው።

ታማሚው በያጅ ነው፤ ስሙም እንግዳው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ መርከብ መሥሪያው ጓሮ
ብረትን ከብረት እያጋባ ኖሮ፣
አሁን የገዛ ገላው መጋጠሚያው ላልቶ፣
ጀርባው ውሃ ቋጥሮ፣ ላንቃው ተገሽልጦ፣
ለብ ያለ ሾርባ እንኳ እንደ ሚጥሚጣ ሆኖ
ያቃጥለው ጀመር።

ዶክተር ቪብከ ሃርምስ ስክሪኑን አዞረች፤
"ተመልከት" አለች።
በጨለማ መስክ ላይ አረንጓዴ መረብ፣
ዓሣ አስጋሪ ጥሎት የሄደው ዓይነት መረብ፣
ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ክር በክር ሲያበራ።
"ይሄ ያንተ ቆዳ አይደለም" አለችው፣
"የጦጣ ጉሮሮ ነው፣ ስስ አድርገን የቆረጥነው፤
ደምህን ቀድተን፣ ውሃውን ለይተን
አፈሰስንበት። የሚያበራው ግን አንተ ነህ።"
ይህን ሁሉ ተረጎምኩ፤ ምላሴ አልተሳሰረም።

ቀጥላ ስሙን ጠራች፣ የዚያን የሚያበራውን።
እኔ በአማርኛ የማውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፦
ፀረ እንግዳ አካል።
ከጥርሴ ሥር ደርሶ ቆመ። ሰውዬውን አየሁት።
ካርዱ ላይ ያለው ስም፣ እንግዳው በላቸው።
ምን ላድርግ፤ ቃሉ ያ ነው። አልኩት።

ሳቀ እንግዳው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ እስኪደማ፦
"ታዲያ ምን አጠፋ፣ የታዘዘውን እኮ ነው የሠራው!
ፀረ እንግዳ ብላችሁ ስትሾሙት ሰምቶ
እንግዳውን አገኘው፣ ቤቱ ድረስ መጥቶ።"

"ምን አለ?" አለች ቪብከ።
እንዴት አድርጌ ልንገራት?
በሷ አፍ ሁለት ናቸው፦
ለአንዱ ወንበር ይሳባል፣
ሌላው ፓስፖርት ይጠየቃል።
በእኛ ግን ያው አንድ ቃል፤ እግሩን የምናጥበውም፣
ውሻ የሚጮህበትም።
ሰሙን ብቻ ሰጠኋት። ወርቁ ከእኔ ቀረ።
ቢሆንም ሳቀች፣ እሱ ስለሳቀ።

"የገዛ ዘበኛዬ ለምን በኔ ዞረ?"
"አላውቅም" አለች። ጌጥ አልጨመረችበትም።
"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላውቅም እላለሁ፤
አለማወቄ ግን ጠቧል። ድሮ ሜዳ ነበር፤
አሁን የዚህችን ክፍል ያህላል።"

ከዚያ ስለ ወጥመዷ ነገረችው።
የዛሬው መድኃኒት ጥፋተኛ፣ ንጹሕ ሳይል
ዘበኛውን ሁሉ ጠራርጎ ያሰናብታል፤
እሷ ግን ከመጋጠሚያው ቅንጣት ቆንጥራ
ማጥመጃ ትሠራለች፣
ያን ሊነክስ የመጣው ብቻ እንዲያዝ።
በአይጥ ሠርቷል፤ በግማሹ። በሰው ገና።

እንግዳው መዳፉን ገለበጠ፤ የድሮ የእሳት ጠባሳ።
"ብየዳ ሲከዳ" አለ፣ "ከስፌቱ አይደለም፤
ከጎኑ ነው፣ እሳቱ ካሞቀው ከደህናው ብረት ላይ።
ሰው ስፌቱን ያያል፤ ስንጥቁ ግን ከዳር ነው።"
ተረጎምኩ። ዝም አለች።
"ድገምልኝ" አለች፤ ደገምኩላት።
ወረቀት አጣች፤ የጓንት ካርቶን ላይ ጻፈችው፣
ቀደደችና ኪሷ ከተተችው።
ምን እንዳየችበት አልነገረችንም።

ፈረመ፤ የተረፈው ደም ለምርምር ይሁን ብሎ።
ነርሷ ብልቃጧ ላይ ስሙን አልጻፈችም፤ ቁጥር ለጠፈች።
ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ
ከነማን ጋር እንደሚያድር ማን ያውቃል፤
የዓሣ አጥማጅ፣ የአስተማሪ፣ የሕፃን ልጅ ደም፣
ሁሉም በገዛ ቤቱ ባዳ የሆነ።

ፌርማታው ላይ፣ ኮቱ ጀርባውን እንዳይነካው
ጎንበስ ብሎ ቆመ።
"ዘመድ ከዘመዱ..." ብሎ ጀመረና ተወው፤
ሲስቅ ያመዋል።

ማታ ቅጼን ሞላሁ፦ ሰዓት፣ አንድ ተኩል፤
መንገድ፣ አሥር ኪሎ ሜትር።
ላልተሻገረ ቃል
ቦታ የለውም ቅጹ።