ደረቁ ድልድይ ላይ

ማክሰኞ ነው፤ ኑግዛር ሥራ የለው፣ ጡረታ፤
በትብሊሲ መንገድ ዝግ ብሎ፣ በእርጋታ፣
ጀልባ የመሰለ ዳቦ እየገመጠ
ከተማውን ሊያይ ነው ከቤት ያመለጠ።

ድኝ በሚሸት ፍልውሃ ጀርባውን ታሽቶ፣
«አሥር ዓመት አራገፍኩ» አለው ቫዣ በርትቶ፤
«ጉልበቴ ላይ ሃያ ቀርቷል» ብሎት ወጣ፣ ፈክቶ።

ከዚያ ደረቁ ድልድይ። ሁሉም ጨርቅ አንጥፏል፣
የአባቱን ጓዳ ለፀሐይ ዘርግፏል፦
ጥርሰ ጎዶሎ ሹካ፣ ዓይኑ የፈሰሰ ካሜራ፣
ባለቤቱ የማይታወቅ ኒሻን፣ ተራ በተራ፣
እና እሷ!
ቀይዋ አኮርዲዮን።
መብራት በጠፋበት በዚያ ክፉ ክረምት
በሁለት ጆንያ ከሰል የለወጣት።

«ስንት ነው?» አላለም። «አንዴ ልያዛት» አላት፤
ጺያላ በርጩማ በእግሯ ገፋችለት።
ጀመረ። እኩሌታው ላይ ዜማው ከጣቱ ጠፋበት፤
የቀረውን እሷ በቀጭኑ አነሣችለት፣
ኒሻን ሻጩ ከሥር በጎርናናው ደገፋት።

መለሳት። «አምስተኛ ፎቅ ነኝ» አለ፣ «አሳንሰሩም ሞቷል።»
አላለቀሰም። ባዶ እጁን መሄዱ ግን ከብዶታል፤
ገዛ ጎዶሎዋን ሹካ።

ማታ፣ ቲማቲም ሊወጋ፣ ሳህኑን ሁለቴ ነካ፤
ጣቱ ያጣው ዜማ
እዚያ ኖሯል ለካ።