ግራ እግሬ

ግራ እግሬ ዘንድሮ ከሥራ ተቀነሰ።
ደብዳቤ አልጻፉለት፣ ጡረታው አልደረሰ፤
እንዲሁ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣
ሌንሴ፣ የባለንብረቱ ልጅ፣ የአዲሷን ፒክአፕ በር ከፍታ፣
"ጋሽ ደግፌ፣ ማርሿን ራሷ ነች የምትቀይረው፤
መሪዋን ብቻ ያዝ፣ በቀረው ተዋት።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሁለት ነው መርገጫው፤
የሦስተኛው ስፍራ ጎማ ምንጣፍ ነው፣ የእግር መቀመጫው።
ግራ ገባው ግራዬ።
ስሙ ራሱ ይኸው ነው፣ ምን ላድርግ ጌታዬ?

አሮጌዋ ሌላ ነበረች።
ቀለሟን የአዳማ ንፋስ ልጦ ልጦ የጨረሰው፣
መስኮቷን ያለ ፒንሳ የማያወርደው ሰው፤
ሁለተኛ ማርሿ ብትለመን እንጂ የማትታዘዝ፣
"ነይ እስቲ እመቤቴ" ካላልኳት መሃል መንገድ የምትፈዝዝ።
የካምቢዮዋ ራስ ላይ የተጻፈው ቁጥር
በመዳፌ ታሽቶ ጠፍቶ፣ የሁለታችን ሆኖ ቀረ ምሥጢር።
ከአዋሽ መልካሳ ስንወጣ፣ በሽንኩርት ጢም ብሎ ጀርባዋ፣
ቆጣሪ አላይም ነበር፤ ጆሮዬ ነው መለኪያዋ፦
ሲከብዳት ታቃስታለች፣ ሲቀላት ይቀጥናል ድምፅዋ።

ባትሪዋ አይሞትም መስሏችሁ? ይሞታል፤ ያውም ፍራንኮ መሃል፣
ያውም በገበያ ቀን። ቢሆንም ማን ይጨነቃል?
ሊስትሮው ሳጥኑን ጥሎ፣ ካልሲ ሻጩ ካልሲውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣
የባጃጅ ተሳፋሪ ሳይቀር ወርዶ፣ ከኋላ ቆሞ፣
"ግፉ!" "ያዝ!" "ሁለተኛ አስገባ!" "አሁን ልቀቀው!"
ግራ እግሬ ብቻ ነበር የመልቀቂያዋን ቅጽበት የሚያውቀው።
ሳል፣ ሳል፣ ሳል ብላ ትነሣለች፣ ገፊዎቿን በጥቁር ጭስ ባርካ፤
እኔም እጄን በመስኮት አውጥቼ እሄዳለሁ፤
የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር ለካ።

አዲሷ በወጣች ቀን፣ ፖስታ ቤት መብራቱ ጋ፣
ቀይ በራ። ግራ እግሬ እንደ ልማዱ ተጋ፤
ፍሪሲዮን ብሎ የደቆሰው ፍሬኑን ነበርና፣
አንድ ሳጥን ቲማቲም ካቢናው ላይ ፈረጠና፣
ከኋላዬ ጥሩንባ፣ ከጥሩንባው ኋላ ስድብ።
ትራፊኳ መጣች፦ "አባት፣ መኪናውን ምንድን ነው የያዘው?"
"መኪናውንስ ምንም፤ እግሬን ነው ትዝታ የያዘው።"
ሳቀች። ቅጣቱን ግን አልተወችውም፤
ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው።

አልዋሽም፤ ጉልበቴ ማታ ማታ መጮኹን ትቷል።
በፍጥነት መንገዱ ላይ ማርሹ ሲቀየር ማን ሰምቷል?
እንደ ጨዋ ሎሌ በጓዳ ገብቶ በጓዳ ይወጣል፤
ቀኝ እጄም ሥራ ፈትቶ ጺሜን ሲያሻሽ ይውላል።

ባለፈው ዓርብ ሲመሽ ግን፣ እዚያችው ፍራንኮ፣
አዲሷም ጸጥ አለች። ያው ባትሪ ነው እኮ።
"ግፉ!" ተባለ፤ ትከሻ ሁሉ ተደረደረ።
"ተዉት፣" አልኩ፣ "ይቺ በግፊት አትነሣም፤
ማርሿም ተቆልፎ ቀረ።"
እጃቸው ብረቱ ላይ እንዳለ ቆሙ፣ የሚያደርጉት ጠፍቶ፣
አቧራው መብራቱ ሥር ይዞራል፣ ንፋሱ ከተራራው መጥቶ።
ኬብል እስኪመጣ ሁለት ሰዓት፤ ማንም ትቶኝ አልሄደ።
ሊስትሮው ሶርሳ ይባላል፤ አረካ ነው የተወለደ፤
ካልሲ ሻጩ ሙዘይን፣ ለመንጃ ፈቃድ ነው የሚያጠራቅመው፤
"በየትኛው ልማር፣ ጋሼ? በሁለት ፔዳል ወይስ በሦስት?" ሲለኝ፣
ያን ጊዜ ኬብሉ ደረሰ፤ ከመመለስ አዳነኝ።

ሌሊት ግን ግራ እግሬ ዛሬም ሥራ አይፈታም፤
በሕልሜ ያን ዳገት ስይዝ
ብርድ ልብሱን ሲረግጥ ያድራል፤ ዝናሽም አትቆጣም፤
ጉልበቴን ዳበስ አድርጋ፣ እንደ ረዳት፣ እንደ አብሮ መንገደኛ፣
"ደርሰናል፣" ትለኛለች፣ "የእጅ ፍሬኑን ያዝና ተኛ።"