አምስት መስመር

እኔ የማውቀው መስመር አንድ ብቻ ነበር፣
ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ስዞር።
ጋሽ አሊጋዝ ግን ማታ፣ ከቧንቧ ውሃ በላይ፣
አምስት አሰመረልኝ ባረጀ ሰሌዳ ላይ።

የጦር ሠራዊት ባንድ ጥሩምባ ነፊ፣
ዛሬ ግን፣ ጥርሱ ወልቆ፣ በጠመኔ ጻፊ።

«ቁልፍ ይባላል» አለኝ፣ አንድ ጥምዝምዝ ነገር ስሎ፤
እኔ መንገዴን አየሁት፣ በገዛ ሆዱ ተጠቅልሎ።
«ሐረጎ ነው!» አልኩት።

«ስማቸውን ያዝ፤ ከታች ወደ ላይ ቁጠር፦
ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ።» ያዝኩ፤ ግን አብረውኝ ለማደር
እምቢ አሉ። ሲነጋ፣ ተራ ስጠብቅ መናኸሪያው ደጃፍ፣
በራሴ ቋንቋ አሰርኳቸው፣ እንዳይወድቁ ከምላሴ ጫፍ፦
«ሚኒባስ ሦስት ሲጎድል ረዳት ፋታ የለው።»
ጋሽ አሊጋዝ ድዱ እስኪታይ ሳቀና በደብተሩ ገለበጠው።

ከመስመሮቹ በታች አንዲት ክብ ተንጠልጥላለች፤
ዶ ናት፤ ቦታ ብታጣ የራሷን ሰረዝ ይዛለች።
«ይቺንስ አውቃታለሁ» አልኩ፣ «ትርፍ ናት፤ ከበሩ ሥር
ዱካዋ ላይ ጉብ ብላ፣ ትራፊክ ሲታይ የምትሰወር።»

ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፦ ይሄ እንኳ አላስቸገረኝ፤
በጣቶቼ መሃል ብር አጥፌ፣ መልስ ስመነዝር የኖርኩኝ።
ያቃተኝ ዝምታው ነው። «ዕረፍትም ይቆጠራል» አለኝ፤
ስጮኽ ለኖርኩት ሰው፣ ዝምታ ሂሳብ እንዳለው ማን ነገረኝ?

አንድ ማታ ጉሮሮዬ ሰልሎ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።
«እስቲ እንደ ሥራህ ጥራ» አለኝ። እንደ ምንም አልኩ፦

ኮም! ቦል! ቻ—

ጠመኔው ሦስቴ ሰሌዳውን ነካ።
ኮምና ቦል ጥቋቁር፣ ከላይ፣ ከደሴ ደጅ፤
ቻ ነጭ፣ ረጅም፣ ቁልቁለቱን የምትወርድ የቆላ ልጅ።
ከሷ ቀጥሎ ዕረፍት ጻፈ፦
ተሳፋሪው እስኪገባ ትንፋሽም ቦታ አለው ለካ!

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለጦሳ ነፋስ የበተንኩት
ሳይሰልል፣ ሳይሻክር፣ እዚያ ቆሞ አየሁት።
«ሌላ እንጻፍ» ብሎ ዳስተሩን አነሳ።
እጁን ያዝኩት፦
«ወራጅ አለ!» አልኩት።