ጸ እና ጠ

ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ሶፋ ይሸጣል፣
ጎኑ የጥርስ ክሊኒክ ነው፣ አንዳንዴ የሰው ዋይታ ይመጣል።
ዩኒቨርሲቲ የሚሉት ይኸው ነው፦ አንድ ደረጃ፣ አንድ ኮሪደር፣
የወሩን ክፍያ ደረሰኝ ሳያይ ዘበኛው ሻፊ የማይደራደር።

መምህርት ውዴነሽ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣለችና
"ይህ ላኪ ነው፣ ይህ ተቀባይ" ብላ በቀስት አገናኘችና
በቀስቱ ወገብ ላይ ደግሞ የተጠማዘዘ መስመር አሰመረች፤
"ይህ ጫጫታ" ልትል አፏን ስትከፍት ዝናቡ ቀደማት። ቆመች።
የጅማ ዝናብ ተማሪ አይደል፣ እጁን አያወጣም ለመናገር፤
ቆርቆሮው ላይ ይወጣና ይጀምራል፣ የማያልቅ ነገር።
ጠመኔዋን አስቀምጣ ጠበቀች። እኛም ከንፈሯን ጠበቅን።
ሃያ ደቂቃ። ለከፈልነው ሁሉ የሚበቃ ያን ቀን ተማርን።

እኔ ቀን ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ከአጂፕ ቆጪ፣ ከቆጪ መርካቶ፤
ማታ ሸሚዝ ለብሼ ተማሪ፣ ግሪሱ ጥፍሬ ሥር ቀርቶ።
ለባለንብረቱ የቀኑን ገቢ፣ ለነዳጁ ሌሊቴን እከፍላለሁ፤
የተረፈችውን ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጥሬ፣ ለሬጅስትራር አስረክባለሁ።
"ኮሙኒኬሽን ምንድን ነው?" ይሉኛል። አጎቴ ተማም ግን ያውቃል፦
"ስልክ የሚጠግን ትምህርት ነው" ብሎ ለሰፈሩ አስረድቷል።
ስልኩ የተበላሸበት ሁሉ በሬን ያንኳኳል እስከ ዛሬ፤
ሁለቱን አስተካክያለሁ። አንዱን አቃጥያለሁ። ይቅር በለኝ፣ ኑሬ።

ስቱዲዮም አለን፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበደ፣
ካሜራው እግር አለው፣ ዓይን አለው፣ ባትሪው ግን ድሮ የሄደ።
ፊቱ ቆመን ዜና እናነባለን፣ ቀይ መብራቱን በልባችን አብርተን።
የእኔ ተራ ሲደርስ ክፍሉ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ያቺን ፊደል ይጠብቃል፤
የእናቴ ቋንቋ ጸ የለውም፣ ምላሴ አጥሩን ሲዘል ይወድቃል።
"የከተማችን ጸጥታ አስተማማኝ ነው" ይላል ወረቀቱ።
"የከተማችን ጠጥታ" እላለሁ። ፈነዱ፣ በሳቅ ሞቱ።
"እንግዲያ ሰክራለቻ! ማን ያግባት ቤቷ?"
እኔም ሳቅሁ።
ሌላ ምን ይደረጋል?

ያን ምሽት ባጃጄ ውስጥ፣ ጸሎት፣ ጸጉር፣ ጸደይ፣
እርጥቡ ፍሬኔ እንኳ ሲያዝ ይላታል፣ ጸ—
ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
"አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ቃል ጽፌያለሁ።
ጸ ያማረላቸው ሲዋሹ ሰምቻለሁ።
ቢሆንም ልመድ። ምላስህን ከጥርስህ ኋላ አጥብቀህ ያዝ፣
ከዚያ በድንገት ልቀቀው። እንደ ክላች።"
ሲወርዱ አሥር ብር አጎደሉ።
"አስተምሬሃለሁኮ" አሉ።

የፈተናው ቀን ቃሏ አራተኛው መስመር ላይ ነበረች።
ሁለተኛው ላይ ሰማዩ ተከፈተ። ቆርቆሮው ጮኸ። መብራት ሄደች።
እነዚያው የሳቁብኝ ልጆች በስልካቸው አበሩልኝ።
አራተኛው መስመር ደረስኩ። ያዝኩ። ለቀቅሁ።
ልክ አልኳት?
ከንፈሬን እንጂ ድምፄን የሰማ የለም፣ እኔም ጭምር።
መምህርት ውዴነሽ አንድ ነገር ጻፈችና ወረቀቱን ገለበጠችው።

ሲያባራ ወረድኩ። አዌቱ ሞልቶ የድልድዩን ሆድ ይልሳል፣
የአስፋልቱ ጉድጓድ ሁሉ እስከ አፉ፣
ሶፋ ሻጩ በሩን ዘግቷል፣
አንድ ባጃጅ ብቻ፣ የኔው፣ ጣሪያዋ ይንጠባጠባል፤
ጅማ እስክትጠግብ ጠጥታ፣
ጸጥታ።

ኋላ ከደረጃው ሻፊ፦
"አንተ! ደረሰኝህን!"