ይርጋ

በሌዋርደን ከተማ፣ ቦዩ በረዶ ሆኖ፣
የችሎቱ መስኮት በላብ ተሸፍኖ፣
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ጓንቴን ጨብጬ፣
ስምንት ቀን አየሁት፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ፤
አባቴን የገደለ፣
ጸጉሩ የሸበተ፣ ጣቱ በመርፌ የቆሰለ፣
አጭር ልብስ ሰፊ።

ስሙን ሲጠየቅ «ዳኤንግ ማንገምባ» አለ፣
ድምፁ ሳይሰበር፣ ሳይኩራራም፣ እንደ ሒሳብ ያለ።
መዝገቡ «ሟች ዊብረን» ይላል፤ እኔ አባዬ የምለው ነው።
ኤግዚቢት አራት ጠረጴዛው ላይ ነው፤
መቀስ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለው።

እንዲህ ነው ነገሩ፣ በአስተርጓሚ ቃል፦
የዛሬ ሰባት ዓመት አባቴ ሱቁ ይመጣል፣
ለእኔ ሠርግ ግራጫ ሱፍ ይመርጣል።
ደረቱን ለካው። ትከሻውን ለካው።
«እጅዎን ይዘርጉ» ሲለው ግራውን ዘረጋው፤
አመልካች ጣት የለም።
ሜትሩ ወለሉ ላይ ወድቆ ተጠቀለለ።

ያን ጉቶ እኔም አውቃለሁ።
«የወተት ማሽን ቆረጠኝ» ይለኝ ነበር፤
ሕፃን ሳለሁ እሱን ጨብጬ ነው የምተኛው።

ማንገምባ ግን ያየው በሱላዌሲ ሜዳ፣
በዐሥራ አንድ ዓመቱ፣ በጎተራው ቀዳዳ።
የመንደሩ ወንዶች ቁጢጥ ብለው በሰልፍ፣
አንድ ወታደር በአራት ጣት እየቆጠረ ሲያልፍ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስተኛው ይነሣ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስተኛው ይነሣ።
በመጀመሪያው ዙር አባቱ ተነሣ።
በሦስተኛው ዙር ወንድሙ ተነሣ።

ልብሱን ግን ሰፋለት። ተኩሶ፣ አጥፎ ሰጠው።
ከዚያ «በሕግ አምላክ» ብሎ ማመልከቻ ጻፈ፣
ከተማ ለከተማ፣ ቢሮ ለቢሮ ለፋ።
መልሱ ባለ ማኅተም፣ ባለ ሁለት መስመር፦
«የተባለው ድርጊት ጊዜው ያለፈ በመሆኑ
መዝገቡ በይርጋ ተዘግቷል። ከሰላምታ ጋር።»
ጠበቃው ሲያነበው፣ ወረቀቱ እንደ ክታብ
እጥፉ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

ይርጋ!
እኔ አይብ ሠሪ ነኝ፤ መርጋትን አውቃለሁ፤
ወተቱን ለብ አድርጌ ጠብታ እጥላለሁ፣
ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ቢላ እሰድበታለሁ፤
አጓቱ ለአሳማ፣ ጭብጡ ለእኔ።
ወተት ይርጋ ሲሉት ይረጋል።
ደምስ?
ሜዳው ላይማ ረጋ፤ ጠቆረ፣ ዝንብ ወረረው፤
ያየው ልጅ ልቡን ግን፣ ዐርባ ዓመት ሊሞላው፣
ምን ጠብታ ያርጋው?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል።
የወጋስ ረስቷል?
ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ፣
አባቴ እስከ አራት ብቻ ነበር የሚቆጥረው፤
አራት ይልና ዝም። ከዚያ ሳይናገር ይመጣል።
እኔ የቸኮለ ይመስለኝ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሡ፦ «የሩቁ መንደር ነገር
የዚህ ችሎት ጭብጥ አይደለም» አሉ፤
ዳኛውም ተቀበሉ።
ቀጥለው ወደ እኔ፦ «ወይዘሮ ራይንስከ፣
የሟች ልጅ እንደመሆንዎ የሚሉት አለ?»
አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦
«ልብሱን ስትሰፋው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»
አስተርጓሚዋ ዞረች። እሱ አልጠበቃትም፤
በእኔው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ፦
«አውቅ ነበር። ስፌቱ ላይ ግን አልበደልኩትም።»
እውነቱን ነው።
በዚያ ልብስ ነው የቀበርነው፤ አንድ ክር አልተተረተረም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት።
የአባቴን ማንም አልቆጠረ።
ቤት ገብቼ መደርደሪያው ላይ አይቦቼን ቆጠርኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
እጄ አየር ላይ ቀረ።

የማታው ወተት በገንዳው፣ ገና ለብ እንዳለ፣
ጠብታውን ይዤ ቆሜያለሁ።
ባለቤቴ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሊበላሽ ነው» አለ።
ይበላሽ፣ አልኩት።
ዛሬ አይርጋ።