የጋሪዋ ብርድ ልብስ

ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ ለብሳ አድራለች፤
ጋሪዋም ከክፍቱ ሼድ ተሸፍና ቆማለች።
አራት ጎማ፣ ስድስት ባትሪ፣ የተላጠ ቢጫ ቀለም፤
ነዳጅ አትጠጣ፣ ጭስ የላት፤ ድምጿም ያን ያህል የለም።
በሽተኛ ከበር ተቀብላ ካርድ ክፍል ታደርሳለች፤
ማዋለጃው ሲሆን ግን ዳገቱ ላይ ታቃስታለች።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ከኪሳቸው
አውጥተው ሰጡኝ፤ ቁጥር አሥር መፍቻ፣ ካቻቪቴያቸው፣
የግራሶ ጣሳ፣ ጠጉሩ ያለቀ የጥርስ ብሩሽ፤
«ለባትሪዋ ጥርስ ነው ይሄ፣ እንዳይመስልሽ የራስሽ።»
ከዚያም ግራጫ ብርድ ልብስ፣ የዚሁ ከተማ ፋብሪካ ሥራ፣
አሲድ እንደ ብል የበላው ከቀኝም ከግራ።

«እሱስ ለማን ነው?» አልኩ። «ለእሷ» አሉ ጋሪዋን እያዩ፤
«ባትሪና ሽማግሌ በብርድ መች ተለያዩ?
ሁለቱንም ጎህ ሲቀድ ጉልበት ይከዳቸዋል፤
ሞቅ ካላቸው ግን እስከ ማታ ማን ያቆማቸዋል?
ቻርጅ ላይ ስትሆን ግለጫት፤ ትንፋሽ አላት፣ ትታፈናለች፤
ክብሪት አጠገቧ አትጫሪ፤ ተቆጥታ ትፈነዳለች።

የባትሪ ውሃ ነው የሚገባት፤ በቧንቧ እንዳትተኪ፤
ቻርጇ ከሞላ ወዲያ እንጂ ቀድመሽ እንዳትነኪ።
እስከ አፉ አትሙዪው፤ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ይበቃዋል፤
የጠገበ ባትሪ ሲፈላ አሲዱን ልብስሽ ላይ ይተፋዋል።»

ሰማሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ግን በሁለተኛው ሳምንት አርብ
ውሃው አለቀ። ግዢ ክፍል፣ ማኅተም ላይ ማኅተም ሲደራረብ፣
ማን ያያል ብዬ ቧንቧ ከፈትኩ፤ «ውሃ ያው ውሃ፤
መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከእኔ የባሰ ድሃ።»
አራተኛዋ ባትሪ በሦስት ወር ውስጥ ነጣች፤
እንደ ደህና ሰው ታማ ምስጢሬን አላወጣች።

ጋሽ ሸዋንግዛው ለግፊት ክትትል መጥተው ሲዞሩ
ክዳኗን ከፍተው አዩ፤ አዩኝም፤ ምንም አልተናገሩ።
ደመወዝ ብቀጣ ይሻለኝ ነበር። ያ ዝምታቸው!
ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ውሃው ላይ ይታየኛል ፊታቸው።

አሁን እጄ ለምዷል። ሰኞ ሰኞ ጎማ በጣቴ እጫናለሁ፤
የፊቷ ግራ ይለሰልሳል፤ ጎሚስታው ዘንድ አስነፋለሁ።
ፖሉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ሲያብብ እንደ ሻጋታ፣
በሶዳና በሞቀ ውሃ፣ በዚያ ብሩሽ፣ በእርጋታ
እፈትገዋለሁ፤ አረፋው ደፍቆ ይወርዳል፤ ብረቱ ይስቃል፤
ቫዝሊን እቀባዋለሁ፤ በዚህ ብርድ ያልተቀባ ከንፈር ይሰነጠቃል።
የፍሬኑ ሽቦ ሲላላ ቡሎኑን ግማሽ ዙር አጠብቃለሁ፤
ሙሉ ዙር ከዞረ ጎማው እንደሚያዝ አውቃለሁ።
መብራት ሲሄድ ግን… ለእሱ የሚሆን መፍቻ የለኝም፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢመጣ፣ ቻርጀሩን ሳልሰካ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትናንት ንጋት ላይ የጫጫ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ፤
አንዲት ሴት ምጥ ይዟት፤ ባሏ ሊያቅፋት ሞክሮ እጁ ደከመ።
ጋሪዋን ገለጥኩ። ብርድ ልብሱ በረዶ፣ ሥሩ ግን ለብ ያለ፤
ቁልፉን ሳዞር መርፌው ተነሳ፤ ከግማሽ በላይ አለ።
ባልየው ብርድ ልብሱን ለሚስቱ ሊደርብላት አነሳ፤
«ተው፣ አሲድ አለበት!» አልኩና ካፖርቴን ሰጠሁ፣ ሳልሳሳ።
ዳገቱ ላይ አቃሰተች። (የቷ? ሁለቱም።) አራተኛዋ ሰነፈች፤
አምስቱ እህቶቿ ተሸክመዋት ዳገቱን አለፈች።

ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅሁም፤ ቻርጀር መሰካት ነው ሥራዬ፤
ካፖርቴም እስካሁን አልተመለሰ፤ በርዶታል ትከሻዬ።
ዛሬ ግዢ ክፍል ገባሁ፤ እንደገና ጻፍኩ ማመልከቻ፦
«አንድ ባትሪ።» ምክንያት በሚለው ላይ፦ «የቧንቧ ውሃ፤ የእኔ ጥፋት ብቻ።»

ውርጩ ዛሬም ሊጥል ነው። ብርድ ልብሱን ልደርብላት።