ዘቅዛቃው ወለል

አፉላ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣
ሱፐርማርኬት ከሆነው ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ስገባ፣
ጋሪዬን ቲማቲሙ አጠገብ ለቀቅ አደርገዋለሁ፤
ወዴት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ።
በሩዙ፣ በሳሙናው በኩል ቀስ ብሎ ይንከባለላል፣
ከወተቱ ማቀዝቀዣ ገጭ ብሎ ይቆማል።
“አባባ፣ ጋሪዎ አመለጠዎት” ይለኛል ልጁ ሠራተኛ።
አላመለጠኝም።
ወለሉ ነው።
ሸክላ ቢያለብሱት፣ በሰም ቢወለውሉት፣
ዘቅዘቅ ማለቱን ማን ያስረሳዋል?

በመጣን በሁለተኛው ዓመት
መጥረጊያ ሰጥተው አስገቡኝ ከጨለማው ቤት።
የዚህ አገር ሰው ፊልም የሚያየው በጥርሱ ነው፤
የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ፣ ገለባውን እየተፋው።
እኔ ፊልሙን አላይም፤ በገለባው ነበር የምለካው፦
የሚያስፈራ ሲሆን እስከ ቁርጭምጭሚት፣
የሚያሳዝን ሲሆን ጥቂት።
እናቴ ሌሊት ከሱሪዬ እጥፋት እያራገፈች
“ከተማ አላላችሁኝም? አውድማ ነው እንዴ?” አለች።

ከኋላ ረድፍ ጎረምሶች፣ ታሪኩ ሲንዛዛባቸው፣
ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ይለቃሉ ከእግራቸው።
ከወንበር ወንበር እየተላተመ፣
ኪል፣ ኪል፣ ኪል፣
ቁልቁል ወርዶ ወርዶ
ከሸራው ግርጌ፣ እጄን ዘርግቼ ከምጠብቅበት ይደርሳል፣
ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ።

ላይ፣ ከማሽኑ ክፍል፣ ሊቪዩ ነበር፣ የሮማንያው።
ተኝቶ ይሠራል፤ ድምፁ ሲለወጥ ነው የሚነቃው።
ድሮ ከባሕሩ አጠገብ፣ ሰው ከነመኪናው ገብቶ
ፊልም በሚያይበት ሜዳ ይሠራ ነበር አሉ።
“ጉም ሲመጣ” ይለኛል፣
“ተዋናዩ እስከ አንገቱ ይዋጣል።
መቶ መኪና ጥሩምባ ይነፋል።
እኔ ምን ላድርግ? ለጉም ትኬት የቆረጠችለት ማሱዳ ናት!”

ማሱዳ ታች፣ ከትኬቷ መስኮት ትስቃለች።
ሳንቲም ለጎደለው
የፊልሙን መጨረሻ በነፃ ትነግረዋለች።
ስንቱ ወታደር፣ ስንቱ የገበያ ልጅ
ከደጅ ቆሞ ሰምቶ፣ ጠግቦ ሄደ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሸራው ጀርባ ነው፤
መጥረጊያዬ እዚያ ነበር የሚያድረው።
ከሥዕሉ ሥር የሚሮጠው የዕብራይስጥ ጽሑፍ
በጀርባ ሲታይ ተገልብጦ
ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እንደ ሀ ሁ።
አገሩ ፊቱን ወደ እኔ ያዞረልኝ መሰለኝ።
በኡልፓን መምህርቷ ደብተሬን አንሥታ
“ማነው በመስተዋት ያስተማረህ?” አለች።
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣
ምን እንዳሳቃቸው ሳላውቅ።
ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው፣
ስሜን ስፈርም፣ ሲቸኩለኝ፣
ላሜዷ ዛሬም ጀርባዋን ትሰጠኛለች።

በመጨረሻው ሌሊት ተመልካቹ ሰባት ነበር።
ፊልሙ አለቀ፣ ሰባቱም ወጡ።
ሊቪዩ መብራቱን አላጠፋም፤
ሸራው ነጭ ሆኖ፣ ምንም ሳይናገር፣ በራ።
ማሱዳ የመስኮቷን ቁልፍ ይዛ ወረደች፣
መጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።
“አንድም አይቼ አላውቅም” አለችን።
“ያ ሁሉ መጨረሻስ?”
“ከራሴ ነዋ! ምን ላድርግ፣ ገንዘብ የለው ልጁ፤
ባዶውን ይሂድ?”
ጥቂት ቆይታ፣ ነጩን ሸራ እያየች፣
“የእኔዎቹ ይሻሉ ነበር” አለች።
ያን ሌሊት የጠረግሁት ገለባ
አንድ እፍኝ አይሞላም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአንዲት ሕፃን ከረጢት
ብርቱካን አምልጣ ቁልቁል ወረደች።
ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።
እኔ ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ፣
ከማቀዝቀዣው ግርጌ ጎንበስ ብዬ
እጄን ዘርግቼ ጠበቅኋት።
ወተት የምትመርጥ ሴት ፈቀቅ አለችልኝ፣
“ሸራውን አትጋርጂ” ያልኳት ያህል።